ወር 4 የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት የመጋዘን ኃላፊያችን የሞዴሌን የሽያጭ ትንበያ አዩና «ይሄስ ያስኬዳል» አሉ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ለእኔ ሽልማት ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ሥራዬ የምግብ ሸቀጥ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የግዢ ዕቅድ ማውጣት ነው። ሽያጭ ለመተንበይ መጀመሪያ ኤክሴል፣ ቀጥሎ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከዚያ ላይት ጂቢኤም፣ ማለትም ካለፈ ዳታ ተምሮ የሚተነብይ የማሽን ለርኒንግ መሣሪያ። ይህን ክፍል እዘለዋለሁ፤ ኢንተርኔቱ ሞልቶታል። አንድ ቀን የሞዴሉ ስህተት ከኤክሴሉ አነሰ። ጮቤ እየረገጥኩ ለጋሼ ላሳይ ወረድኩ። «ለምን ይሄን ያህል አለ?» ሲሉኝ ዝም።

ሻፕን (SHAP)፣ ሞዴል ለምን እንዲህ እንደተነበየ የሚያሳየውን ዘዴ፣ የያዝኩት ያኔ ነው። ሎይድ ሻፕሊ የተባለው የሒሳብ ሰው በ1953 እ.ኤ.አ. በጋራ የተገኘ ነገር ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፋፈል ለሚለው ጥያቄ ቀመር አወጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይሄው ሐሳብ ሻፕ በሚል ስም ለማሽን ለርኒንግ ሞዴሎች ቀረበ። ተጫዋቾቹ የዳታችን ኮሎሞች ናቸው። ትንበያው ከአማካዩ የራቀበትን ልዩነት ይካፈላሉ፤ የሁሉም ድርሻ ሲደመር ልዩነቱን ይሰጣል። ይቺን የመደመር ነገር ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ማሳያዬ ውርደት ነበር። ጋሼ ሥዕሉን አዩና «ቀዩ ኪሳራ ነው?» አሉ። በዚያ የሻፕ ሥዕል ቀይ ማለት ትንበያውን ከፍ ያደረገ ማለት ነው። እሱን አስረድቼ ሳልጨርስ ጣታቸውን «ወር = 4» የሚለው ላይ አሳረፉ። «አራተኛው ወር ታኅሣሥ አይደል? ስለ ፋሲካ እያወራን ታኅሣሥን ምን አመጣው?» ኤፕሪል ማለቴ ነበር።

ቤት ገብቼ ቀኑን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር ለወጥኩ። እንቁጣጣሽ ቦታዋን ያዘች። ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቁጭ አለች። በወር ስደምረው ግን ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች፣ ሞዴሉ «ወር 13 ሽያጭ ይገድላል» ብሎ አረፈው። ሳቄ መጣ፤ ወደ ሳምንት ቀየርኩት።

ዕንቅልፍ የነሳኝ ግን ዐቢይ ጾም ነው። የዱቄት ወተታችን በጾም ይወርዳል፣ ይህን ለማወቅ ሞዴል አያስፈልግም። ችግሩ ጾሙ ቦታ መቀየሩ ነው። በ2015 የካቲት 13 ገባ፣ በ2016 መጋቢት 2። የ19 ቀን ልዩነት ነው። በ2014 እና በ2015 ያሠለጠንኩት ሞዴል 2016ን ተንብይ ሲባል፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ወተቱን ሽቅብ ሰቀለው። ፋሲካ ግን ሚያዝያ 27 ነበር። ሻፕን ባላይ ኖሮ «ትንሽ ስህተት አለ» ብዬ አልፈው ነበር። ሲታይ ሽቅብ የሰቀለው የሳምንት ቁጥሩ ነው። ሞዴሉ ጾም የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ካላንደር ብቻ ነው።

«ጾም ነው/አይደለም» የሚል ኮሎም ጨመርኩ። ተሻለ፣ ግን ጥቂት። መፍትሔውን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ሱቅ እኮ ወተት መውሰድ የሚያቆመው ከቅበላ በፊት ነው። የሚጀምረውም ፋሲካ ሳይደርስ ነው።» በቃ። «ለጾም መግቢያ ስንት ቀን ቀረ»፣ «ለፋሲካ ስንት ቀን ቀረ» የሚሉ ሁለት ኮሎሞች አስገባሁ። ሥዕሉ ወዲያው ሰው የሚያነበው ሆነ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በ2016 ረመዳንም የገባው መጋቢት 2 ነው፣ በዚያው ቀን! በእኛ ዳታ ረመዳን ወተትን ከፍ ያደርጋል፣ ዐቢይ ጾም ይጥለዋል። 2016ን ማሠልጠኛው ውስጥ ስጨምር ሁለቱ ተጣበቁ፤ ሞዴሉን እንደገና ባሠለጠንኩ ቁጥር ሻፕ ድርሻውን አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ይሰጣል። አብረው የሚሄዱ ኮሎሞች ላይ ሻፕን ማመን ከባድ መሆኑን አንብቤ ነበር፤ ማንበብና መቅመስ ግን ለየቅል ነው። ዳታውን በቅርንጫፍ ስለየው ትንሽ ተላቀቁ። የድሬዳዋው መስመርና የአዲስ አበባው መስመር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቃራኒ ይሄዳሉ።

ለማሳያ ደግሞ መደመሩን ተጠቀምኩበት። ሃያ ምናምን ኮሎም ለሰው አይታይም። ድርሻቸውን በአራት ቡድን ደመርኩ፤ ጾምና በዓል፣ ዋጋ፣ የቅርንጫፉ ልማድ፣ ሌላ። አሁን ጋሼ የሚያዩት «ጾም፦ 150 ካርቶን ቀንሷል» የሚል አንድ መስመር ነው። ነጠብጣብ የሞላበትን የሻፕ ሥዕል ለኃላፊ የሚያሳይ ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ መጀመሪያ ራሱ አልገባውም።

አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ለብዙ ጊዜ ትልቁ ድርሻ የ«ያለፈው ሳምንት ሽያጭ» ነበር። ጋሼ «ባለፈው ሳምንት መቀነሱንማ እኔም አውቃለሁ» ብለው ሲስቁ ነው የነቃሁት። ግዢ የምናዘው ዕቃው በጅቡቲ እስኪገባ አስበን ከሦስት ወር በፊት ነው። ያኔ ያለፈው ሳምንት ሽያጭ ከየት ይመጣል? ኮሎሙን ስነቅለው ያ የኮራሁበት ውጤት ወረደ። ከኤክሴሉ የሚሻለው አሁን በጥቂት ነው፤ ቢያንስ ግን የምር ነው።

ሌላም አጥፍቻለሁ። በስብሰባ ላይ «ዋጋ ስለጨመርን ነው ዘይት የቀነሰው» ብዬ በሻፕ ሥዕል ተከራከርኩ። ለካ በእነዚያ ሳምንታት መጋዘኑ ውስጥ ዘይት አልነበረም። ሻፕ የሚናገረው ሞዴሉ ያሰበውን ነው፣ ገበያው የሆነውን አይደለም። ሽያጭ 0 ሲሆን ሞዴሉ «ፈላጊ የለም» ብሎ ተምሯል።

አሁን ከጋሼ መዝገብ ላይ ዕቃ ያለቀባቸውን ቀናት በእጄ እየለቀምኩ ነው። መዝገቡ ወረቀት ነው፣ ግማሹ ላይ ቡና ፈስሶበታል። ከእናንተ መሐል እነዚህን ቀናት ከዳታው አውጥቶ የጣለ ወይም በግምት የሞላ ካለ፣ የቱ እንደሠራለት ቢነግረኝ ዘይቱን ሳልጀምር ይደርስልኛል።