ለጥር 11 ፈልጋ «ለጥር 5» ያለችኝ ደንበኛ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። እጄን ሰው ያመሰግነዋል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ስሜ ጥሩ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት በጥምቀት ሰሞን ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? የእኛ ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ያቺን ቀን ነው የሚጠብቀው። ጥምቀት ሲያልፍ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ነው።

አንዲት እናት ኅዳር ላይ መጥታ ለሰባት ዓመት ልጇ ቀሚስ አዘዘች። ልክ ወሰድኩ፣ ቀብድ ተቀበልኩ። «ለጥር 5 ይድረስልኝ» አለችኝ። ጥር 5 መጣች፤ አልደረሰም። «ነገ ነይ» አልኳት። በማግስቱም «ነገ» አልኳት። በከተራ ዕለት ልጅቷን ይዛ መጣች። የቀሚሱ ጠርዝ አልተዘመዘመም፣ አንዱ እጅጌ አልተገጠመም። ልጅቷ አላለቀሰችም። ማሽኑ ላይ የተንጠለጠለውን ጥለት በአንድ ጣቷ እየዳሰሰች ቆመች። ከመንገዱ ዝማሬ ይሰማል።

«ለጥር 5 ስላላደረስኩልሽ ይቅርታ» አልኳት እናትየዋን።

«እኔስ የምፈልገው ለነገ ነበር» አለችኝ። «እሷ ጋ ከሆነ ሳምንት ቀደም አድርገሽ ንገሪያት ስላሉኝ ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው እኔ ጋ ሲመጣ እውነተኛውን ቀን ይደብቀኛል ማለት ነው። እኔ ራሴን የማውቀው ሌሊት ተቀምጣ የምትሰፋ፣ ለሥራዋ የምትጨነቅ ሴት አድርጌ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ክር ይጠፋል፣ ሸማኔ ያዘገያል፤ ምክንያቴ ሁሉ እውነት ነበር። ደንበኛዬ ግን ሌሊቱን አላየችም። ያየችው ሦስት ጊዜ ታክሲ ተሳፍራ መጥታ ባዶ እጇን መመለሷን ነው።

በዓሉ እንዳለፈ ሸማኔው ጋ ሄድኩ። አባባ እያልኩ የምጠራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። «የእኔን ሥራ ለምን ያቆዩብኛል?» አልኳቸው። መወርወሪያውን አስቀምጠው አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ ቀሪውን ሂሳብ በወሩ ነው የምትሰጪኝ። በዕለቱ የሚከፍለኝን አስቀድማለሁ» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ እንዲሁ ነው የነገሩኝ። ለካ እሳቸውም ጋ ስም አለኝ። እኔ ደንበኛ ሳንከራትት፣ ከኋላዬ ሸማኔዬን አንከራትቼ ነው። መዘግየቴ የጀመረው እዚያ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥለቱን ስረከብ እዚያው ቆሜ በቴሌብር ከፈልኩ። ሁለት ወር ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በሦስተኛው ራሳቸው ደወሉ። «አልቋል፣ ነይ ውሰጂ።» ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ለደንበኞቼ ደብተር ገዛሁ። በአንድ በኩል የቀጠርኩበትን ቀን፣ በሌላው ያስረከብኩበትን እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ወር ከ14 ቀሚስ በቀኑ የወጣው 5 ብቻ ነበር። ያንን ገጽ እስካሁን አልቀደድኩትም። የምችለው በሳምንት ስንት እንደሆነ ሳውቅ ሥራ መመለስ ጀመርኩ። ይሄ ከባዱ ነው። የቤት ኪራይ እያለብሽ «አልችልም» ብሎ ቀብድ መመለስ ያማል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ስልክ ነው። የሚዘገይ ከሆነ ሁለት ቀን ቀድሜ እደውላለሁ። ደንበኛዋ በር ላይ ቆማ እንድትሰማው አላደርግም። ሰው የሚቀየመው በመዘግየቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በመንከራተቱ ነው ይበልጥ የሚቀየመው።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ለመጣው ሁሉ «አሁን እኮ ቀን አከብራለሁ» እል ነበር። ማንም አላመነኝም፤ ለምን ያምነኛል? ወሬውን ትቼ ዝም ብዬ ስሠራ ነው ነገሩ መቃናት የጀመረው። እሱም ዓመት ፈጅቷል። ስም ሲበላሽ ግን ዓመት የፈጀበት አልመሰለኝም።

የዚያችን ልጅ ቀሚስ ጨርሼ ከነቀብዱ ላኩላት። እናትየዋ ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ተመልሳ ግን አልመጣችም። አልፈርድባትም። በዚያ ጥምቀት ልጅቷ ምን እንደለበሰች አሁንም አስባለሁ።

አምና ከገና በፊት አንዲት ሴት መጣች። አጠገቤ ያለችው ባለሱቅ ናት የላከቻት።

«ለመቼ ይሁንልሽ?»

«ለጥር 11።»

«የምትለብሺበት ቀን ነው?»

«አዎ፣ ለጥምቀት ነዋ» አለችኝ ግራ ገብቷት።

ደብተሬን ገለጥኩና ጥር 8 ብዬ ጻፍኩ።