ውሃው ሲቀዘቅዝ ካትፊሽ የት ይገባል?

ስድስት ጊዜ ሄጄ ስድስቱንም ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ፣ ሬይ ሀባርድ ሐይቅ ዳር፣ ሁለት ጃኬት ደርቤ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ካትፊሽ የሚባለውን ዓሣ ስጠብቅ። የዘንጌ ጫፍ አንድ ቀን እንኳ አልተነቃነቀም። ልጽፍ የተነሳሁት ሰባተኛው ቀን ስለሆነው ነው። ግን መጀመሪያ ስድስቱ ቀን ለምን እንደባከነ ልንገራችሁ። ብዙ የተማርኩት ከነሱ ነው።

ዳላስ አካባቢ የምትኖሩ ሐይቁን ታውቁታላችሁ። ከጋርላንድ ወደ ሮክዎል በ30 ቁጥር አውራ ጎዳና ስትሄዱ ድልድዩ በላዩ ያልፋል። ጋርላንድና አካባቢው የሐበሻ ሰፈር ስለሆነ ብዙዎቻችን ለሥራ ስንሮጥ የምናቋርጠው ውሃ ነው። ቆም ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። አጎቴ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ ታንኳው ላይ ወጥቼ መረብ ስቤያለሁ። ስለዚህ እዚህ መጥቼ ካትፊሽ ማለት ጢማሙ ዓሣ መሆኑን ሳውቅ፣ ይሄማ አምባዛ ነው፣ የኔ ዓሣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አምባዛ ጭቃ ይወዳል። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ደፍርሰው ሲሞሉ ወደ ዳር ይወጣል፣ ሣር ውስጥ ይርመሰመሳል። ከውሃ ቢወጣ እንኳ አየር እየሳበ ብዙ ይቆያል።

ክረምት ስል የኛን ክረምት ነው፣ ዝናቡን። የዚህን አገር ብርድ ዊንተር እለዋለሁ። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማሰብ ነበር የመጀመሪያው ስህተቴ። አምባዛን በክረምት ዳር ዳሩን እንደምንይዘው፣ ቻነል ካትፊሽ የሚባለውን የዚህን አገር ዓይነትም በዊንተር ጭቃማው ዳር ላይ ስጠብቀው ከረምኩ።

ሁለተኛው ስህተት ሰዓቱ ነው። የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ እሄዳለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘው ውሃ ገና ፀሐይ አላየም። በቀኑ ውስጥ ከዚያ የባሰ ሰዓት መምረጥ አይቻልም ነበር።

ሦስተኛው፣ መንጠቆው ላይ የምሰካው ነገር ነው። በሰመር፣ በዚህ አገር ሙቀት ወራት፣ ጥሩ የሠራልኝን፣ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠውን፣ አይብና ዘይት ያለበትን የሚከረፋ ሊጥ ይዤ ሄድኩ። በሙቅ ውሃ ሽታው በደቂቃዎች ይበተናል፣ ዓሣው ከሩቅ ይመጣል። በብርድ ውሃ ግን ቅባቱ ይረጋል። አንድ ቀን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክሩን ስቤ አየሁት። ማሰሮ ውስጥ እንደረጋ ቅቤ ደርቆ መንጠቆው ላይ እንዳለ ተጣብቋል። ምንም ሽታ አልነበረውም።

ስድስተኛው ቀን ላይ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ሳለ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ባልዲ ይዘው በአጠገቤ አለፉ። ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። ካትፊሽ አልኳቸው። ፈገግ ብለው፣ "እሱም አንተን እየጠበቀ ነው ልጄ። በዚህ ብርድ ከተቀመጠበት አይነሳም" አሉኝ።

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ያህል አስረዱኝ። የነገሩኝን በኋላ ከመንግሥት የዓሣ ሀብት ጽሑፎች ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ይገጥማል። ቻነል ካትፊሽ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ የውሃውን ሙቀት ነው የሚይዘው። በጣም የሚመቸው ከ80 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሲሆን ነው፣ ማለትም ከ27 ሴልሺየስ በላይ። ውሃው 50 እና 45 ፋራናይት ሲገባ የሰውነቱ ሥራ በሙሉ ዝግ ይላል። የበላው ቶሎ አይፈጭለትም፤ ስለዚህ ብዙ አይበላም። ለምግብ ብሎም ሩቅ አይሄድም። ግን አያንቀላፋም፣ መብላትም ጨርሶ አያቆምም። አፉ ሥር ጥሩ ነገር ከደረሰ ይወስዳል።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ይህ ዓሣ ሰውነቱ በሙሉ ምላስ ነው ማለት ይቻላል። ቅርፊት በሌለው ቆዳውና በጢሙ ላይ ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳት አሉት፤ ከ100,000 በላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ፍጥረት አጠገቡ ያለውን ትኩስ ሥጋ አይስተውም። ችግሩ እኔ አጠገቡ አለመሆኔ ነበር።

ሰባተኛው ቀን ሦስት ነገር ቀየርኩ።

ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሦስት ቀን በተከታታይ ፀሐይ ነበር፤ የደቡብ ነፋስም ሲነፍስ ሰንብቷል። ሞቅ ያለውን የላይኛውን ውሃ ነፋሱ ገፍቶ ወደሚያከማችበት፣ ድንጋይ ወደተደረደረበት ዳር ሄድኩ። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል። በገመድ ያሰርኩትን ቴርሞሜትር ጣልኩት፦ 49 ዲግሪ። ከሦስት ቀን በፊት ያው ሐይቅ፣ ጠዋት፣ ሌላኛው ዳር 44 ነበር። አምስት ዲግሪ ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለዓሣው ግን ብዙ ነው።

ሊጡን ትቼ ሻድ የሚባለውን ብርማ ትንሽ ዓሣ ይዤ ሄድኩ። ካትፊሹ እዚያው ሐይቅ ውስጥ የሚበላው እሱን ነው። ቆራርጬ፣ ደሙ ገና ሳይደርቅ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቁራጭ ሰካሁት። በሰመር የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ነበር የምጠቀመው። ሆዱ ለማይፈጭለት ዓሣ ግን ትልቅ ጉርሻ አይቀርብም።

ሦስተኛውና ዋናው ለውጥ መንቀሳቀስ ነው። ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ነው ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ እኔም ትዕግሥት ማለት አንድ ቦታ አራት ሰዓት መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። በሰመር ልክ ነው፤ ዓሣው ስለሚዞር አንድ ጊዜ ይደርስብሃል። በብርድ ግን ዓሣው አይዞርም። ብዙ ሆነው አንድ ጉድጓድ ወይም አንድ ተዳፋት ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ሃምሳ ሜትር አልፎ ያለው ውሃ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 25 ደቂቃ ጠብቄ ምንም ከሌለ እነሳለሁ፣ ሠላሳ እርምጃ ሄጄ እንደገና እወረውራለሁ።

አራተኛው ቦታ ላይ የዘንጉ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። ነፋስ መሰለኝ። ዝንብ አርፋ የተነሳችበት ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። በሰመር ካትፊሽ ሲነክስ ዘንጉን ከእጅ ሊነጥቅ ይደርሳል። ይሄኛው ግን ነካ፣ ቆመ፣ ነካ፣ ቆመ። እጄ ለመንጠቅ ተነሳ። ሽማግሌው ያሉኝ ትዝ አለኝና ያዝኩት። የምጠቀመው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ነው፤ እሱን ድንገት ከነጠቁት ከዓሣው አፍ ተንሸራቶ ይወጣል። ዘንጉ ቀስ ብሎ እስኪጎብጥ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ያለ ችኮላ መጠምጠም ጀመርኩ። ከበደኝ።

ሦስት ፓውንድ ተኩል ነበር፣ አንድ ኪሎ ከግማሽ ገደማ። ሰው ስለ ትልቅ ዓሣ ሲያወራ (የዓለም ሪከርዱ በ1964 ሳውዝ ካሮላይና የተያዘ 58 ፓውንድ ነው) የኔ ሕፃን ነው። ለእኔ ግን የሰባት ቀን ዋጋ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተንበርክኬ አየሁት። እንደ አምባዛ ስምንት ጢም አለው። ሌላው ሁሉ ይለያል። የአምባዛ ጅራት ክብ ነው፤ የዚህ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ። አምባዛ ጀርባው ላይ እስከ ጅራቱ የሚደርስ ረጅም ክንፍ አለው፤ የዚህ አጭር ነው፣ ከኋላው ደግሞ ሥጋ የመሰለች ትንሽ ክንፍ ብቻ አለች። ጎኑ ወይራማ ግራጫ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣቦች ጣል ጣል ያሉበት። ብሉ ካትፊሽ ከሚባለው ሌላ ዓይነት የሚለየው ደግሞ ከሆዱ ኋላ ባለው ክንፍ ነው፤ የቻነሉ ጠርዙ ክብ፣ የብሉው ቀጥ ያለ ነው።

ደስታዬ አዘናጋኝ። መንጠቆውን ሳወጣ ተወራጨ፣ የጎን ክንፉ እሾህ መዳፌ ውስጥ ገባ። በጀርባውና በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፤ መለስተኛ መርዝም ስላለበት ያቃጥላል። እጄ በብርድ ደንዝዞ ስለነበር መጀመሪያ አልተሰማኝም፣ ማታ ግን አበጠ። አሁን ሁልጊዜ ጓንት አደርጋለሁ፣ ከጎን ክንፎቹ ኋላ ነው የምይዘው። ትንንሾቹ ይብሳሉ፣ እሾሃቸው ስል ነው።

ሌላም አንድ ነገር፣ ዓሣውን ስላየሁ ብቻ የማልዘለው። በዚያው ወር እርጥብ ድንጋይ አዳልጦኝ አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። መኪናዬ ጋ እስክደርስ ጣቶቼ አይሰሙኝም ነበር። ሙሉ ሰውነት ቢገባ እጅና እግር በደቂቃዎች ውስጥ አይታዘዝም። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስሄድ ተንሳፋፊ ጃኬት እለብሳለሁ፣ የት እንዳለሁም ለባለቤቴ እነግራታለሁ።

ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር የገባኝ መሰለኝ፤ ጥልቁን ፈልግ፣ ትንሽ ቁራጭ ስካ፣ ተንቀሳቀስ። ፌብሩዋሪ ላይ ሽማግሌው ሐይቁ ወደ የብስ ገባ ወዳለበት አንድ ጥግ ወሰዱኝና ይህንን ግማሹን አፈረሱት። ውሃው ውስጥ የቆሙ የደረቁ ዛፎች አሉ። ቅርንጫፎቹ ኖራ የተቀቡ ይመስላሉ። ማታ ማታ ጥቁር፣ አንገተ ረጅም ወፎች ያድሩባቸዋል፤ ኮርሞራንት ይባላሉ፣ ለዊንተር ከሰሜን የሚመጡ ዓሣ በሊታ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሻድ ሲውጡ ውለው ሌሊት ዛፉ ላይ ሆነው ኩሳቸውን ይጥላሉ። ካትፊሹ ከሥር ሆኖ እሱን ይለቅማል። ገና ሳንደርስ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ውሃው ደግሞ ከሰው ቁመት አይበልጥም። በብርድ ጥልቁን ፈልግ የሚለው ምክር እዚያ አይሠራም፤ ዓሣው የሚሄደው ሳይደክም የሚበላበት ቦታ ነው። ወፎቹ ከተነሱ በኋላ ከቅርንጫፉ ሥር ወረወርን። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አምስት ያዝን።

ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ሻዶቹ ራሳቸው ይሞታሉ። ትንሹ የሻድ ዓይነት ውሃው ከ45 በታች ሲወርድ አይችልም፤ ይዝላል፣ ይገለበጣል፣ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ካትፊሹ ከታች አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። በ2021 ፌብሩዋሪ ዳላስ ከዜሮ ፋራናይት በታች ወርዶ መብራት የጠፋብን ጊዜ ትዝ ይላችኋል። ያኔ ዘንግ እንኳ አልነበረኝም። አሁን ግን ከውርጭ በኋላ ነጫጭ ትንንሽ ዓሦች ተገልብጠው ሲንሳፈፉ፣ የባሕር ወፎችም ሲሻሟቸው ካየሁ፣ ሌላ ቦታ አልፈልግም።

ለሚጀምር ሰው፦ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የፈቃዱ ዓመት በቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦገስት 31 ነው። አጠቃላይ ደንቡ ቻነልና ብሉ ተደምረው በቀን 25 ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ሐይቅ ግን የራሱ ደንብ ስላለው ቀድሞ ማየት ነው። እኔ ሁለት ወይም ሦስት ይዤ የቀረውን እለቃለሁ። በብርድ አንድ ቦታ ተከማችተው ስለሚገኙ፣ ቦታውን ያወቀ ሰው ካልተጠነቀቀ ይጨርሳቸዋል።

የያዝኩትን ለሽማግሌው ነው የምሰጠው። በበቆሎ ዱቄት ለውሰው ይጠብሱታል፤ ሽታው ራሱ ያስጎመጃል። እኛ ቤት አይገባም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም ተብሎ ነው ያደግኩት፣ አጎቴም አምባዛ ሲይዝ ይሸጠው ነበር እንጂ ወደ ቤት አያመጣውም። ሌላው ሐበሻ ጓደኛዬ ይበላል፤ አልከራከረውም።

ያን የመጀመሪያውን ዓሣ የያዝኩ ቀን ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ባሕር ዳር እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ ቀስቅሼያት እንኳ አልተቆጣችም።

"እስቲ ጢሙን አሳየኝ" አለች። አሳየኋት።

"ቅርፊት የለውም አይደል?"

"የለውም እማዬ። ለሰው ልሰጠው ነው።"

"ደግ አደረግህ።" ከዚያ ስድስቱን ባዶ ቀናት፣ ጠዋት ጠዋት በብርድ መቀመጤን፣ በመጨረሻም ከሰዓት በኋላ ስሄድ እንደያዝኩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "አጎትህ እኮ በጥር ፀሐይ ሳይሞቅ ታንኳ አያወጣም ነበር። ረሳኸው እንዴ?" አለችኝ።

አልረሳሁትም። ታንኳው አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፀሐይዋን እያየ ሲቀመጥ አሁንም ይታየኛል። ብርድ የሚፈራ ይመስለኝ ነበር።