ከፕላሲል በኋላ የተጠመዘዘ አንገት

መንዝ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሲያስመልሳት ያደረች የ19 ዓመት ልጅ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ግሉኮስ ተሰቀለላት፤ ፕላሲል የተባለውን የትውከት ማቆሚያ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ተወጋች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ተደገመላት። ትውከቱ ቆሞ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግን በቃሬዛ ተመለሰች፦ አንገቷ ወደ ግራ ተጠምዝዟል፣ ዓይኗ ጣሪያ ላይ ተተክሏል፣ ምላሷ ወጥቶ አልገባ ብሏል።

እናቷ «ለክፏት ነው ዶክተር፣ ጠበል እንውሰዳት» ይላሉ። ተረኛው ነርስ የሚጥል በሽታ መስሎት ማስታገሻውን ዲያዜፓም በሲሪንጅ ስቧል። ሌላው መንጋጋ ቆልፍ ጠርጥሮ ቁስል ይፈልጋል፤ ቁስል የለም። ጤና መኮንኑ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ከሰማሽኝ እጄን ጨበጥ አድርጊ» አላት። ጨበጠች፤ እንባዋም ወረደ። መላ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ የሚጥል በሽታ ራስን ያስታል፤ እሷ ግን ሁሉን ትሰማለች። ካርዷ ሲገለጥ ሁለቱ ፕላሲል ተገኙ።

አንገት ወደ ግራ እንዲዞር በተቃራኒው የሚጎትተው ጡንቻ መላላት አለበት። የትኛው ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ የሚለውን የሚያጣራው በአንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለው ባዛል ጋንግሊያ ነው፤ ሚዛኑን የሚጠብቁለት ደግሞ ዶፓሚንና አሴቲልኮሊን የተባሉ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች ናቸው። ፕላሲል ትውከትን የሚያቆመው በዋናነት የዶፓሚንን መቀበያ ዘግቶ ነው። እዚያው ባዛል ጋንግሊያ ውስጥም ሲዘጋው አሴቲልኮሊን ያይላል፤ ጡንቻዎቹም እርስ በርስ ይጓተታሉ። በፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን አመንጪዎቹ ሕዋሳት ራሳቸው ይሞታሉ። እዚህ ሕዋሳቱ ደህና ናቸው፣ በሩ ነው የተዘጋው፤ ስለዚህ ይመለሳል። መጠኑም አልበዛም ነበር፤ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ በልኩ ሲሰጥም ይይዛቸዋል።

አሴቲልኮሊንን የሚገታው ፕሮሜታዚን 25 ሚሊ ግራም ጡንቻዋ ላይ ተወጋ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ተመለሰ። ዲያዜፓሙም ቢሰጥ ምናልባት ያላላት ነበር። ክፋቱ፣ ሲሻላት ካርዱ ላይ «የሚጥል በሽታ» ተብሎ መጻፉ፣ ልጅቷም ያለ በሽታዋ ለዓመታት መድኃኒት መዋጧ ነበር።

ፕላሲሉ ከሰውነት እስኪወጣ ጥምዘዛው ሊያገረሽ ስለሚችል እንደዚሁ አሴቲልኮሊንን የሚገታው ክኒን አርቴን 2 ሚሊ ግራም ለሦስት ቀን ታዘዘላት። ካርዷ ላይም በቀይ ተጻፈ፦ ፕላሲል አይሰጥ፤ ሃሎፔሪዶል (ዶፓሚንን የሚዘጋ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) ካስፈለገ ይህ ይታሰብ።

እናቷ «ጠበሉስ?» ብለው ጠየቁ። «ይሂዱ እናቴ፤ ክኒኑን ግን እንዳታቋርጥ፣ ካርዱንም ይያዙ» ተባሉ።