ቀጥ ያልኩ ሲመስለኝ

ሰሞኑን ስለ ትከሻዬ ብዙ እያሰብኩ ነው። የእስክስታ አገር ልጅ ሆኜ ትከሻዬ የት እንዳለ አለማወቄ ይገርመኛል። ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ ድንገት ልብ ስል ሁለቱም ወደ ጆሮዬ ተጠግተዋል። ማን አወጣቸው? ምን ፈርተው? ዝቅ አደርጋቸዋለሁ። አንድ ኢሜይል አንብቤ ስጨርስ ተመልሰው ወጥተዋል።

ጠዋት ጠዋት ሜዲቴሽን እቀመጣለሁ። የልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተመስጦ ክፍል የሚባል ነገር ስለሌለ አልጋዬ ሥር ምንጣፍ ላይ ነው። ጋቢ ደረብረብ አድርጌ አጣጥፌ ከመቀመጫዬ በታች አደርጋለሁ። ጋቢው ለድሎት አይደለም። ዳሌ ከጉልበት ከፍ ሲል ወገብ የተፈጥሮ ቅርጹን ራሱ ይይዛል። ባዶ ወለል ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ግን ላልለመደ ሰው ዳሌውን ወደ ኋላ ይጥለዋል፤ ጀርባም ተከትሎ ይጎብጣል። የጃፓን የዜን ቡድሂዝም መነኮሳት ለዚህ ብለው ዛፉ የሚባል ክብ ትራስ ላይ ይቀመጣሉ። የኔ ጋቢ ከዛፉ አያንስም። እንዲያውም ሲበርድ ይለበሳል።

ችግሬ ትራሱ ሳይሆን ሜዲቴሽን የሚያስተምሩ ሰዎች «ቀጥ በሉ» የሚሉት ነገር ነው። ቀጥ በይ ስባል ሰውነቴ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀል እንደተማርነው ደረት መንፋት። ደረት ይነፋል፣ ሆድ ይገባል፣ አገጭ ይወጣል፣ መንጋጋ ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ ደግሞ መተንፈስ ጣጣ ነው። አየር ስናስገባ ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሆድም ቦታ ሊለቅለት ይገባል። ሆዴን ጨምድጄ ከያዝኩት ትንፋሼ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ «ትንፋሽሽን ተከታተይ» ይሉኛል። የቱን ትንፋሽ?

አንድ ቀን ስልኬን መደርደሪያ ላይ አቁሜ ራሴን ከጎን ቀረጽኩ። በስሜቴ ቀጥ ብዬ ነበር። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ ግን ወደ ኋላ ጋደል ብላለች፤ ጭንቅላቷ ደግሞ ከፊት ሄዷል። ዘንበል ያልኩ እስኪመስለኝ ወደ ፊት መጥቼ እንደገና ስቀርጽ ነው ቀጥ ያልኩት። ማለትም ቀጥ ስል ጠማማ ነኝ ብሎ ሰውነቴ ይጮኻል።

ይህ ነገር የኔ ብቻ አለመሆኑ አጽናንቶኛል። በ1869 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ታዝማኒያ የተወለደ ፍሬድሪክ ማታያስ አሌክሳንደር የሚባል ተዋናይ መድረክ ላይ ድምፁ እየተዘጋ ሲያስቸግረው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ማጥናት ጀመረ። ሊናገር ሲል ጭንቅላቱን ወደ ኋላና ወደ ታች እንደሚጎትት አየ። ልተወው ሲልም፣ የተወው እየመሰለው ያንኑ ሲያደርግ መስታወቱ አጋለጠው። በስሙ የሚጠራው የአካል አያያዝ ማስተካከያ ዘዴ የተጀመረው ከዚህ ነው። እኔን የያዘኝ ዘዴው ሳይሆን ግኝቱ ነው። ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ አካላችን የት እንዳለ የሚነግሩን ነርቮች አሉ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ሼሪንግተን በ1906 እ.ኤ.አ. ለዚህ ስሜት ስም አውጥቶለታል። ታዲያ ይህ ስሜት በልማድ ይታለላል። ለዓመታት የተቀመጥኩበት ቅርጽ ምንም ይሁን ምን ለኔ ትክክል መስሎ ይሰማኛል።

ስለዚህ አሁን ስቀመጥ አልነፋም። መቀመጫ አጥንቶቼ ጋቢው ላይ ሲያርፉ አያለሁ። የግራው ሁልጊዜ ከበድ ይላል። አየሁት፣ አለፍኩት። አገጬን ትንሽ ሳብ አደርጋለሁ። ምላሴን፣ ጥርሴን፣ በቅንድቦቼ መሃል ያለውን ቦታ እጎበኛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጋ የማያስፈልግ ሥራ ሲሠራ ይያዛል።

አንድ እሑድ አራዳ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ በኋላ መቋሚያ ይዘው ደጀ ሰላሙ ጋ ያረፉ አባት አገኘሁ። ማኅሌት ቆመው ያደሩ ናቸው።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ሲቆሙ አይደክምዎትም?» አልኳቸው።

«ይደክማል እንጂ ልጄ። ግን ማን ተገትሮ ይቆማል? አንዴ በዚህ እግር፣ አንዴ በዚያ። መቋሚያውስ ለምን ሆነና?»

ተገትሮ ማን ይቆማል! እኔ እኮ ተገትሬ ነው የምቀመጠው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች በአዋቂ ሰው የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል። ምግባቸው ከአጠገባቸው ካለው አጥንት እየሰረገ ነው የሚደርሳቸው፤ መንቀሳቀስ ደግሞ ያግዘዋል። አንድ ቅርጽ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለረጅም ሰዓት ሲያዝ ይጎዳል። ስለዚህ ሜዲቴሽን ላይ መነቃነቅ እንደ ኃጢአት መቆጠሩ አይገባኝም። እግሬ ሲደነዝዝ ነርቭ ተጭኖ ነው፤ እፈታዋለሁ። ጉልበቴን ሲወጋኝማ ወንበር ላይ እወጣለሁ። ጉልበት መለዋወጫ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጋቢው ላይ ያለው ግማሽ ሰዓት አይደለም፤ የተቀረው ቀን ነው። የፒያሳ ታክሲ ውስጥ ለሦስት ሰው የተሠራ መቀመጫ ላይ አራት ሆነን ወያላው «ጠጋ በይ እህቴ» ሲለኝ ምን ዓይነት አቀማመጥ ልይዝ ነው? አሜሪካዊው የሜዲቴሽን አስተማሪ ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ በጀመረው የጭንቀት መቀነሻ ፕሮግራም ውስጥ በጀርባ ተኝቶ ከግራ እግር ጣት ጀምሮ መላ አካልን በትኩረት መጎብኘት አለ። እኔ ታክሲ ውስጥ እሞክረዋለሁ። የግራ እግሬ ጣቶች ብዙ ጊዜ የሆነ ሰው ዘንቢል ሥር ናቸው። ቢሆንም ጣቶች ናቸው፤ ይሰማሉ። ጉልበቴ ጋ ስደርስ «ወራጅ አለ» ይባላል።

ማታ ሰልፉ ሲረዝም ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችልን በእግሬ እወርዳለሁ። ከሁሉም ልምምድ የምወደው ይህን ነው። ቁልቁለት ስለሆነ ሰውነት ሳይጠየቅ ራሱን ያስተካክላል። ጉልበት ላላ ይላል፣ ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል። መንገድ ዳር ያለ የሱቅ መስታወት ደግሞ በነጻ ያሳየኛል። ስልክ እያየሁ ከሆነ ጭንቅላቴ ከኔ አንድ እርምጃ ቀድሞ ለገሃር ሊደርስ ነው። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል (ሰፈሮቹን ማለቴ አይደለም)፤ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ይህን ክብደት የሚሸከሙት የአንገትና የጀርባ ላይኛው ጡንቻዎች ናቸው። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ስከት አንገቴ ሳልነግረው ይመለሳል።

ቦርሳዬን ሁልጊዜ የምይዘው በግራ ነው። ላፕቶፕ፣ ምሳ ዕቃ፣ ጃንጥላ፣ ሁሉም እዚያው። በዚህ ሳምንት ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ዕቃው ያው፣ መንገዱም ያው ነው፤ ግን የሰው ቦርሳ የያዝኩ ይመስለኛል። የቀኙ ትከሻዬ ዝቅ ያለ ሆኖ ነው መሰለኝ ማንገቻው ፖስታ ቤት ሳልደርስ ይንሸራተታል። ባልደረባዬ አይታ «ለምን የጀርባ ቦርሳ አትገዢም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደሞዝ ሲወጣ አያለሁ።