የመረጥኩት ሰው ማንን ይስማ?

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሦስት ነገር ነው ይላል፣ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው። ፓርቲ የሚል ነገር የለበትም፣ ይሄ ሁሌ ያስደስተኛል። ግን ሕዝቡና ህሊናው ሲጣሉበትስ? እሱ ላይ ዝም ነው።

ባለፈው አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ይሄንኑ ስናወራ አብረውን የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው "ስሚ ልጄ፣ እኔ የላክሁት የኔን እንዲናገርልኝ እንጂ የራሱን እንዲፈላሰፍ አይደለም" አሉኝ። "ጋሼ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሳስቶስ ቢሆን?" ስላቸው ስኒያቸውን ቁጭ አድርገው "ታዲያ መጥቶ ይንገረና፣ ማን ከለከለው?"

እኔ እውነቱን ለመናገር ወደ ህሊናው ነው የማደላው፣ ምክንያቱም ሰው ሲናደድ አብሮት ከሚናደድ ተወካይ ይልቅ የኔ ሰፈር ሰው ጎረቤቱን ይውጣልን ብሎ ቢነሳ እንኳን "አይሆንም" የሚል ሰው ነው የምፈልገው፣ ደግሞ አንቀጹ ራሱ አባሉ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላል፣ የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። ግን የጋሼ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

በፈረንጆቹ 1774 ኤድመንድ በርክ የሚባል የእንግሊዝ ፓርላማ ተመራጭ የብሪስቶል ከተማ መራጮቹን እኔ የራሴን ፍርድ ለናንተ አስተያየት አልሰዋም ብሏቸዋል። እኔን የሚገርመኝ እዛው ፊታቸው ቆሞ መናገሩ ነው። በኋላ በአየርላንድ ንግድ ጉዳይ ከነሱ ጋር ተቃቅሮ በ1780 እንደማያሸንፍ ሲያይ ከብሪስቶል ውድድር ወጣ። ዋጋውን ከፈለ፣ መራጮቹም ምን ላይ እንደተለያዩ አውቀው ነው።

እኛ ጋ የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲፀድቅ 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ 547ቱም ወንበር በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ እጅ በነበረበት ምክር ቤት ውስጥ ማለት ነው! ምናልባት ያን ቀን ሕዝቡም ህሊናቸውም አንድ ላይ ገጥሞላቸው ይሆናል፣ ብቻ እኔ ቲቪ ላይ ቁጥሩን ስሰማ ሰውነቴን ውርር ነው ያደረገኝ።

አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ካጣበት ሰውየውን ማውረድ ይችላልም ይላል። ድምፁን ለየትኛው እንደሰጠ ሳላውቅ በምን ላውርደው ታዲያ? ምክር ቤቱ ውስጥ እጅ ይወጣል፣ ይህን ያህል ድጋፍ ይህን ያህል ተቃውሞ ተብሎ ይነገረናል፣ አለቀ። የኔ ተወካይ እጁን የቱ ጋ እንዳወጣ በስሙ ይነገረኝ፣ ከዛ ቀበሌ አዳራሽ ይምጣና ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ፣ ህሊናዬ ነው ካለኝም ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።