ሐረጎን በሁለት ሞተር

ዛሬ ከደሴ ኮምቦልቻ ሁለቴ ወረድኩ። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በመጣው ጓደኛዬ ክሩዘር ሞተር ሳይክል፣ ከሰዓት ደግሞ በአክስቴ ልጅ ስፖርት ሞተር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥምዝ በጥምዝ ነው።

ክሩዘሩ ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ እግር ዘርግተህ የምትነዳው፣ ምቾቱ ልዩ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ክብደቱ ከኋላ ይገፋሃል። ፍሬን ብቻ ይዤ ብወርድ ስለሚግል ማርሽ ቀንሼ፣ በሞተሩ ጉልበት እየያዝኩት ነው የወረድኩት። አንዱ ጥምዝ ላይ ትንሽ ዘንበል ስል የእግር መርገጫው አስፋልቱን ፋቀው፤ ክው አልኩ! ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ብዙ ማጋደል አይችልም።

ስፖርቱ ያማሃ አር 15 ነው። 140 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ ትልልቆቹ የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተሮች እኮ ከ300 ኪሎ ያልፋሉ። ጥምዙ ላይ ዓይንህ ወዳየበት ይታጠፋል። ግን ወደ ፊት ስለሚያስጎነብስ ቁልቁለቱን ሙሉ ክብደቴ እጄ አንጓ ላይ ነበር፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

እኔ ለሐረጎ ቀላሉን ስፖርት ሞተር እመርጣለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ላለው መንገድ ግን ክሩዘሩን የሚያህል የለም። ጓደኛዬ ነገ ወደዚያው ነው፣ ቁልፉን ከአሁኑ ለምኜዋለሁ።