ቤሊፍ ለመኪና ሲመጣ፦ የካውንስል ታክስ ዕዳ በለንደን

ለንደን ውስጥ በታክሲና በዴሊቨሪ ለሚተዳደር ሐበሻ የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው መስተዳድር የሚከፈል የቤት ግብር) ዕዳ የሚያስፈራው በቤት ዕቃው ሳይሆን በመኪናው ነው። ቤሊፍ፣ ማለትም ዕዳ አስከፋዩ፣ ሲመጣ ሁሉም የሚያወራው ስለ በር ነው፤ "አትክፈቱ" ይባላል፣ ያልቃል። መኪናው ግን ውጭ ቆሟል።

የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ለሁሉም አንድ ናቸው። የአንድ ወር ክፍያ ሲያልፍ ማስታወሻ ይመጣል፣ 7 ቀን ይሰጣል። ካልተከፈለ ሌላ 7 ቀን አልፎ በወር በወር የመክፈል መብት ይቀርና የዓመቱ ቀሪ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል። ከዚያ የማጂስትሬት ፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ከዚያ ሊያቢሊቲ ኦርደር፣ ማለትም ካውንስሉ ዕዳውን በቤሊፍ እንዲያስከፍል የሚፈቅድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ። ችሎት ላይ "ገንዘብ የለኝም" ማለት መከላከያ አይሆንም።

ፋይሉ ቤሊፍ እጅ ሲገባ ሂሳቡ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የክፍያ ደንብ ለደብዳቤው ደረጃ 75 ፓውንድ፣ ሰውየው ደጃፍ ላይ ሲቆም 235፣ ዕቃ ሊጭን ሲመጣ 110 ብሎ ነው የተነሣው። በዚያው ደንብ ዕዳው ከ1,500 ፓውንድ ካለፈ በኋለኞቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ከ1,500 በላይ ካለው ገንዘብ 7.5 በመቶ እንዲታከል ተደንግጎ ነበር። ዋናው ጨዋታ እንግዲህ በ75ቱና በ235ቱ መካከል ነው፤ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ እሑድና የባንክ በዓል የማይቆጠሩበት ሙሉ 7 ቀን አላችሁ።

በዚያ ጊዜ ካውንስሉም ደብዳቤውም የሚሉት "ቶሎ ለቤሊፉ ደውሉ" ነው። እኔ አልደውልም። ስልክ የሚያነሡት ሰዎች ሥራቸው ዕዳውን በጥቂት ወር መዝጋት ነው፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ የማይችለውን "እሺ" ይላል፣ በሁለተኛው ወር ያፈርሳል። ገቢና ወጪዬን ባንድ ገጽ ጽፌ ለካውንስሉም ለቤሊፍ ድርጅቱም በአንድ ኢሜይል ላክሁ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ የዚያኑ ዕለት ከፈልሁ። ይህም የማይቻል ከሆነ በዕዳ አማካሪ በኩል ብሪዚንግ ስፔስ (የዕዳ መተንፈሻ ጊዜ) ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራ ሲሆን ለ60 ቀን ቤሊፉን ያስቆማል። በ12 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ ለማይረባ ነገር አታባክኑት። የያዝነውን ዓመት ታክስ መክፈል ግን አይቆምም።

በሩን በተመለከተ፦ ለካውንስል ታክስ የመጣ ቤሊፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ሰብሮ መግባት አይችልም፣ ገፍቶም አይገባም። ያልተቆለፈ በር ካገኘ ግን ይገባል፤ የጓሮውንም ቆልፉ። በመስኮት አነጋግሩት። "ይህን ወረቀት ብቻ ፈርሙልኝና ልሂድ" የሚለው የዕቃ ስምምነት ነው፣ ማለትም ካልከፈላችሁ ዕቃችሁን እንዲወስድ መስማማት፤ ከፈረማችሁና ካፈረሳችሁት ተመልሶ በኃይል መግባት ይችላል።

አሁን ወደ መኪናው። ቤሊፍ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታው 3 ሰዓት መምጣት ይችላል፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ጎማም ያስራል። መስታወቱ ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ አለበት፤ እናንተ ካልተስማማችሁ በቀር ካሰረ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይጠብቅ ሊያነሣው አይችልም። ያ 2 ሰዓት ወርቅ ነው።

የእኔ መኪና በሃየር ፐርቸስ፣ በየወሩ እየተከፈለ፣ የተያዘ ነበር። የመጨረሻው ክፍያ እስኪያልቅ ባለቤቱ የፋይናንስ ድርጅቱ ነው፤ የሌላ ሰው ንብረት ደግሞ ለእኔ ዕዳ አይሸጥም። ቤሊፉ ግን "ሎግቡኩ (የመኪናው መመዝገቢያ ሰነድ) በስምህ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ሎግቡኩ ራሱ ላይ በጉልህ የተጻፈው ምንድን ነው? ይህ ሰነድ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም ይላል። ውሉን በስልኬ አሳየሁት፤ "ለቢሮ ላክ" አለኝ። ቢሮው "ካውንስሉን ጠይቅ"፣ ካውንስሉ "ፋይሉ ከእጃችን ወጥቷል" አለ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ይህ የካውንስሉ መልስ አሁንም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ውሸት ነው። ቤሊፉን የቀጠረው ካውንስሉ ነው፣ ለሥራው ተጠያቂውም እሱ ነው፣ ፋይሉንም በፈለገ ሰዓት መልሶ መውሰድ ይችላል።

ማሰሪያውን ያስፈታው ክርክር አይደለም፣ ወረቀት ነው፦ "መኪናው የእኛ ነው" የሚል የፋይናንስ ድርጅቱ ደብዳቤ፣ የውሉ ቅጂ፣ ቀሪ ዕዳውን የሚያሳይ መግለጫ። ሦስቱን በአንድ ኢሜይል ለቤሊፍ ድርጅቱ፣ ለካውንስሉ፣ ለፋይናንሱም ላኩ። ደብዳቤውን ደግሞ ቤሊፍ ሳይመጣ አስጽፋችሁ ያዙ፤ በዚያ 2 ሰዓት ውስጥ ስልክ ላይ ወረፋ መጠበቅ ሲኦል ነው።

መኪናው የራሳችሁ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ለግል ሥራችሁ የግድ የሚያስፈልግ መሣሪያ በድምሩ እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ አይነካም፤ አሮጌ መኪና እዚህ ውስጥ ይገባል። ዋጋውን ለማሳየት ተመሳሳይ መኪና በስንት እንደሚሸጥ ሦስት ማስታወቂያ አትሙ። ተጭኖ ከተወሰደ ጥያቄው በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መግባት አለበት። መኪናው ገና ካልታሰረ ደግሞ፣ ነገሩ እስኪጠራ የጓደኛ ግቢ ውስጥ አቁሙት፤ ወደ ሌላ ሰው ግቢ ለመግባት የፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ማሰሪያውን ቆርጦ መንዳት ግን ወንጀል ነው፤ በዩቲዩብ የሚመክሯችሁን ጆሮ ዳባ ልበስ በሏቸው።

ሂሳቡንም አንድ በአንድ እዩት። የሁለት ዓመት ዕዳ ባንድ ጊዜ ይዞ የመጣ ቤሊፍ 75ቱን በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ይጠይቃል፣ 235ቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእኔው ሁለት ጊዜ ተጽፎ መጣ፤ ጽፌ አስነሣሁት። ካሜራ ለብሶ ከነበረ ቪዲዮውን ጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥያቄ በነፃ ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። አቤቱታው መጀመሪያ ለካውንስሉ ይገባል፤ እዚያ ካልተፈታ ለአካባቢ መስተዳድር እንባ ጠባቂው።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በ10 ወር ሳይሆን በ12 ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል ከአዲሱ ቢል በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ሊሉ አይችሉም። ቤቱ ውስጥ ያለ አዋቂ አንድ ብቻ ከሆነ 25 በመቶ ይቀነሳል፣ ካላመለከታችሁ ግን ማንም አያነሣላችሁም።